ከጋሼ በፊት የተነፈሰው

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው። እኔ ግን አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ። ሰው የሚኖርበት ቤት፣ ጓዳ ውስጥ።

ሥራዬ ድምፅ መቅረጽ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሠርቼበታለሁ። "ትንኝ ብታልፍ ወንድ ትሁን ሴት በድምፅዋ እለያለሁ" እያልኩ እቀልድ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አልቀልድም...

የቀረጽኳቸው ሰው አንጋፋ የዘፈን ደራሲ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፤ እኔም "ጋሼ" ነው የምላቸው። በወጣትነታቸው ራሳቸው ጽፈው ራሳቸው የዘፈኗቸው ዘፈኖች ስንት ሠርግ አድምቀዋል። አሁን ከነዚያ ውስጥ አምስቱን መርጠው እንደ አዲስ ሊጫወቷቸው ፈለጉ። ያለ ባንድ። አንድ ጊታር፣ አንድ ማይክ፣ በለሆሳስ።

"ያኔ ለአገር ጮኼ ዘፍኜው ነበር" አሉኝ። "አሁን ደግሞ ለአንድ ሰው ጆሮ ልንገረው።"

ስቱዲዮ አልሄድም አሉ። ዘፈኖቹን የጻፉባት ጓዳ ካልሆነች ሞቼ እገኛለሁ አሉ። መስኮቷን በፍራሽ ደፈንኩ። ማቀዝቀዣው እንዳያጓራብን ከሶኬቱ ነቀልኩት።

"ወተቴን ልታበላሹት ነው!" ብለው ባለቤታቸው እትዬ ከሳሎን ጮኹ።

ጋሼ ሳቁ። "ተያት። ድምፄ ድሮ ማር ነበር፤ አሁን ሰፈፉ ነው የቀረው። እሱም ሳያልቅ ቶሎ በይ፣ ጆሮዬ።"

"ጆሮዬ" የሚሉት እኔን ነው።

የመጀመሪያውን ዘፈን ቀረጽን። በማዳመጫዬ መልሼ ስሰማው... ጋሼ ከመጀመራቸው በፊት አየር ይሳባል።

ሁለት ጊዜ።

አንዱ የሽማግሌ ትንፋሽ ነው፤ ይቆራረጣል። ሌላው ግን... ከሳቸው ቀድሞ የተሳበ፣ ረጅም፣ ንጹሕ ትንፋሽ።

የኔ ይሆናል ብዬ አለፍኩት።

በሁለተኛው ዘፈን ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጠበቅኩ።

አሁንም ሁለት ሰው ተነፈሰ።

በሦስተኛው እንጉርጉሮ መጣ። ከጋሼ ድምፅ ሥር... አፉን ገጥሞ የሚያንጎራጉር ሰው።

ይሄን ዘፈን ጋሼ አንድ መስመር ቀይረውለት ነበር። ድሮ "ብትሄጂም ዱካሽን እከተላለሁ" ይል የነበረውን "ብትሄጂም መንገድሽን እመርቃለሁ" አድርገውታል። "በዚህ ዕድሜዬ የምን ዱካ መከተል ነው? ጉልበቱስ የት አለና!" ብለው አስቀውኝ ነበር።

ጋሼ "እመርቃለሁ" ሲሉ... ከሥር ያለው ድምፅ አፉን ከፈተ።

"እከተላለሁ" አለ።

ጥርት አድርጎ።

ማዳመጫውን አወለቅኩ።

"ጋሼ..."

"ምነው ልጄ?"

"እዚህ ቤት ሌላ ወንድ አለ?"

"እትዬሽን ጠረጠርሻት እንዴ?" ብለው ሊስቁ ከጀሉና ፊቴን አይተው ተዉት። "እስቲ አሰሚኝ።"

አሰማኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እስከ መጨረሻው ሰሙ።

"ያውቁታል?" አልኩ በሹክሹክታ።

"እንዴት አላውቀው..."

"ማነው?"

"እኔ ነኝ።"



"በሃያ አምስት ዓመቴ" አሉ። "አጥፊው። ዛሬውኑ አጥፊው።"

"እሺ ጋሼ" አልኩ።

አላጠፋሁትም።

እውነቱን ልንገራችሁ... እንደዚያ ያለ ውብ ቅጂ በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። አንድ ሰው ከራሱ ወጣትነት ጋር ሲዘፍን! ስሜ የሚነሳው በዚህ ነው ብዬ ስስት ያዘኝ። ደብቄ አስቀመጥኩት።

በማግስቱ በሩን የከፈቱልኝ እትዬ ናቸው። ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ሳቡኝ።

"ድምፁ ተዘግቷል" አሉኝ። "ጠዋት አጠገቤ ሆኖ ሲጠራኝ አልሰማሁትም። ይቅርብህ በይው... አንቺን ይሰማሻል።"

ጋሼ ጊታራቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል።

"አጠፋሽው?" አሉኝ። ድምፃቸው ወረቀት እንደ መቅደድ ነው።

"አጥፍቻለሁ።"

ቃሉ ከአፌ እንደ ወጣ አፈርኩ። ግን አልመለስኩትም።

አራተኛውን ቀረጽን። ወጣቱ አሁን ከሥር አይደለም። ከሥር የሆኑት ጋሼ ናቸው። የሳቸውን ድምፅ ከፍ ባደርግ፣ ከፍ ባደርግ... ከፍ የሚለው የዚያኛው ነው።

"ይብቃን ጋሼ። በሞቴ።"

"አንድ ናት የቀረችው" አሉ። "የሷ ናት።"

አምስተኛው እትዬን ገና ሳያገቧቸው የጻፉላቸው ዘፈን ነው።

"አርባ ዓመት ሙሉ ለሰው ዘፍኜዋለሁ። ለሷ አንድ ቀን እንኳ ቀስ ብዬ አልነገርኳትም። ቅረጪኝ።"

እምቢ ማለት ነበረብኝ።

ቀረጽኩ።

በማዳመጫው የመጣው የወጣቱ ድምፅ ብቻ ነው። ሞቅ ያለ... ቅርብ... ጆሮ ግንዴ ላይ የሚተነፍስ የሚመስል።

ጋሼ ፊት ለፊቴ ናቸው። አፋቸው ይንቀሳቀሳል። የአንገታቸው ደም ሥር ተገትሯል።

ማዳመጫውን ቀስ ብዬ አወለቅኩ።

ጓዳው ውስጥ ጊታር ይሰማል።

ጊታር ብቻ...

ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ፈገግ ብለው፣ ከልባቸው ይዘፍናሉ። ከአፋቸው ግን ድምፅ አይወጣም። እሳቸውም አላወቁም።

ዞር ስል እትዬ በሩ ላይ ቆመዋል። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነዋል።

ገመዱን በጥሼ ነቀልኩት።

ጋሼ ዓይናቸውን ገለጡ። አንድ ነገር አሉኝ፤ አልሰማሁም። ደገሙት። ከዚያ እጃቸው ወደ ጉሮሯቸው ሄደ... ገባቸው።

ኮምፒውተሩን አዩ። እኔን አዩ።

አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

እግራቸው ሥር ተንበርክኬ ተናዘዝኩ። አምስቱንም፣ የደበቅኩትንም ቅጂ እዚያው ፊታቸው አጠፋሁ። ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። ሐኪሙ ጉሮሯቸውን ደጋግሞ አይቶ "ንጹሕ ነው፤ ምንም አላገኘሁም" ብሎ ሸኛቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ልጠይቃቸው ሄድኩ።

ጋሼ ራሳቸው ከፈቱልኝ። ጃኬታቸው ሰፍቷቸዋል።

"እትዬስ?" አልኳቸው።

በአገጫቸው ወደ ጓዳው ጠቆሙኝ።

በሩ ዝግ ነው። ከውስጥ የእትዬ ሳቅ ይሰማል። የእናት ሳቅ አይደለም... እንዳይሰማባት አፏን የምትይዝ ኮረዳ ሳቅ።

አንኳኳሁ።

ሳቁ ቆመ።

በሩ በጣት ስፋት ተከፈተ። እትዬ ሽበታቸውን ፈትተው ትከሻቸው ላይ ለቀውታል።

"ቀስ በይ" አሉኝ ሹክ ብለው። "እየጻፈ ነው።"

ዞር ብዬ ጋሼን አየሁ። አጠገቤ ቆመዋል። በሩን አያዩም። ወለሉን ነው የሚያዩት።

ወደ እትዬ ስመለስ... ከትከሻቸው በላይ አንድ እጅ መጣ።

ቆዳው ያልተሸበሸበ፣ ጣቶቹ በእርጥብ ቀለም የተበከሉ የወጣት እጅ።

በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው...