ከብርድ ልብሱ ሥር ያለው ፉጨት

ሉብና ለመስኡዳ ያመጣቻቸውን ደብተሮች ታቅፋ ደጃፏ ላይ እንደቆመች ከቤቱ ውስጥ ፉጨት ሰማች። ቀጭን ነው፤ ይረዝማል፣ ይቆረጣል፣ ደግሞ ይጀምራል። ከሐይቁ የተነሣው ጉም ሰፈሩን ስለዋጠው ገና በዘጠኝ ሰዓት የመሸ ይመስላል።

የወንበር ጓደኛዋ መስኡዳ ከትምህርት ቤት ከቀረች ሦስት ቀኗ ነው። ሉብና በሩን ገፋ አድርጋ ገባች። ቤቱ በቀበርቾ ሥር ጭስ ታፍኗል። ጥግ ላይ ሁለት ጎረቤቶች ተቀምጠዋል፤ ፍሙ አጠገብ ደግሞ ብርድ ልብስ የተከናነበ ነገር ከፍ ዝቅ ይላል። ፉጨቱ የሚወጣው ከዚያ ነው።

«ግቢ የኔ ልጅ፣ አይዞሽ» አሉ የመስኡዳ አክስት ራህመት፣ ሥሩን ፍሙ ላይ እየጨመሩ። «ውሃ ልትቀዳ ወርዳ የሐይቁ ጅን ያዛት። ስሚው፣ ሲያፏጭ! ጭሱ ሲበዛበት ይለቃታል፣ ኢንሻአላህ።»

ሉብና ፈራች። ያስፈራት ጅኑ አልነበረም። ፉጨቱን ታውቀዋለች፤ ብርድ ሲሆን ከራሷ ደረት የሚወጣው ነው።

ባለፈው ሳምንት ነርሷ ክፍላቸው መጥታ፣ «አስም ሕፃን አዋቂ አይልም። ከዚህ ሁሉ ተማሪ ሁለት ሦስት አይጠፋም፤ ማን አለበት?» ስትል ከስልሳው ተማሪ እጁን ያነሣ አልነበረም። ሉብና እጇን ዴስክ ሥር ደበቀች። እናቷ «ሰው እንዳይሰማ» ስለምትላት በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒቷን፣ ፓፏን፣ እንኳ የምትስበው ሽንት ቤት ተደብቃ ነው። ያን ቀን መስኡዳም አጠገቧ አቀርቅራ ነበር።

«እትዬ ራህመት፣ ጭሱን...» ብላ ሳትጨርስ ደረቷ ጭምድድ አለ። ሁለተኛ ፉጨት ተነሣ፤ ከእሷ።

«ያ አላህ! ወደ ልጅቱ ተሻገረ!» አሉ ራህመት። ጎረቤቶቹ «ቢስሚላህ» እያሉ ወደ በሩ ሸሹ።

ሉብናም ከኋላቸው ሮጣ ወጥታ፣ ጉሙ ውስጥ ተደብቃ ፓፏን መሳብ ትችል ነበር። በሩን አየች። በዚህ መሀል የመስኡዳ ፉጨት ሳሳ።

«አልሐምዱሊላህ፣ እየወጣ ነው» አሉ ራህመት።

እየወጣ አይደለም። ትንፋሹ እያለቀ ነው፤ ይህን የምታውቀው ደግሞ እዚያ ቤት ውስጥ ሉብና ብቻ ናት።

ሰማያዊዋን ፓፍ ከቦርሳዋ አወጣች። ሁሉም እያዩዋት ሳበች፤ ደገመች። ፉጨቷ ቀስ በቀስ ረገበ።

«አልተሻገረብኝም» አለች። «ድሮም አለብኝ። አስም ነው፤ እሷንም የያዛት እሱ ነው።»

ብርድ ልብሱን ገፈፈችው። የመስኡዳ ከንፈር ጠቁሯል። ሉብና ፓፏን ጓደኛዋ አፍ ላይ አድርጋ «ሳቢ» አለቻት፤ ከዚያም ወደ በሩ ዞራ «ባጃጅ ጥሩልኝ! ጤና ጣቢያ እንውሰዳት!» ስትል ጮኸች።

ራህመት የውሃ ጀሪካን አነሡ። ውሃውንም ፍሙ ላይ ደፉት።

ባጃጁ ሲመጣ ሉብና ጓደኛዋን ደግፋ ወጣች። ጎረቤቶቹ ጉሙ ውስጥ ራቅ ብለው ቆመው እጇን ያያሉ። ፓፏን ወደ ቦርሳዋ አልመለሰችም፤ በእጇ እንደያዘቻት ከጓደኛዋ ጋር ባጃጁ ውስጥ ገባች።