ሦስት ጊዜ የታጠፈ ቀሚስ

ሐኪሙ በሁለት ጣቱ ያነሳት ፊኛ በቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ ተጨማድዳ ዘቢብ ታክላለች። «እናቴ፣ ይቺን በጀርባዎ በኩል አድርገን የተደቆሰው አጥንት ውስጥ እናስገባታለን» አለ። «እዚያ ስንነፋት አጥንቱን ቀና ታደርገዋለች። ከዚያ እሷን አውጥተን ክፍተቱን በአጥንት ሲሚንቶ እንሞላዋለን።»

ቀጮ ፊኛዋን ትታ አልጋው ላይ በጎኗ የተኛችውን አክስቷን አየች። አክስቷ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀጮን ከአራት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደገቻትም እሷ ናት። አንገቷን ቀና አድርጋ ስትሄድ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃታል። አሁን ማስነጠስ እንኳ ትፈራለች።

ሐኪሙ ምን ሆነው እንደተሰበሩ ጠየቀ።

«ደንበኛ ቤት ደረጃ አዳልጦኝ» አለች አክስቷ፣ ፍርጥም ብላ።

ቀጮ ደረጃ የሚባል ነገር እንዳልነበረ ታውቃለች። ሐሙስ ዕለት ከትምህርት ቤት በቀጥታ መጥታ የገበር ጨርቁን ጥቅል መደርደሪያ ላይ ልትሰቅል ቃል ገብታ ነበር። «ቲቶሪያል አለን» ብላ ሸወደችና ጓደኛዋ ቤት ፊልም ስታይ አመሸች። ስትመለስ አክስቷ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ጥቅሉ አጠገቧ ወድቋል። ቀጮ በአንድ እጇ የምታነሳው ጥቅል እኮ ነው! አብሯቸው የሚኖረው አጎቷ እየሮጠ ሲመጣ አክስቷ ያንን ደረጃ ፈጠረች፤ ልጅቷ ላይ ጣት እንዳይቀሰር ብላ።

«ከደረጃ ከሆነማ ጤነኛ አጥንትም ይሰበራል» አለ ሐኪሙ እየጻፈ። «በቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ አጥንትዎ ሳስቷል ማለት ነበር። ሌሎቹንም አጥንቶች ራጅ አንስተን መድኃኒት እንጀምር ነበር።»

ቀጮ ሰማያዊው ቀሚስ ትዝ አላት። አክስቷ አምና ለራሷ የሰፋችው ቀሚስ በወራት ውስጥ መሬት መጎተት ጀመረ። «የዘንድሮ ጨርቅ ሁሉ ልጥጥ ነው» ብላ እያጉረመረመች ጫፉን አጠፈችው። ደግሞ ተጎተተ፣ ደግማ አጠፈችው። በሦስተኛው ክሩን የፈታችው ቀጮ ነበረች። «አንቺ ነሽ እንዴ የምታጥሪው?» ብላ ስትቀልድባት ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስትለካ የኖረች ሴት ራሷን ደግማ መለካት አልታያትም።

አጎቷ በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ቆሟል። ቀጮ ከወንበሯ ተነሳች።

«ዶክተር፣ አልወደቀችም።»

«አንቺ ልጅ፣ አርፈሽ ተቀመጪ» አለች አክስቷ።

«እኔ ላነሳው የነበረውን ጥቅል አንስታ ነው። እኔ ዋሽቼ ቀረሁ። ጥቅሉ ቀላል ነበር። ቀሚሷንም ሦስት ጊዜ አሳጥረነዋል።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አጎቷ ቀጮን አፍጥጦ አያት።

ከሰዓት በኋላ በተነሳው ፎቶ ላይ ከላይ ሌሎች ሁለት አጥንቶች ተደቁሰው ተገኙ። ሐኪሙ አዲሱን ስብራት ፊኛዋ እንደምታቀናው፣ ሁለቱ ግን ቆይተው እንደጎበጡ ስለደነደኑ ልታቀናቸው እንደማትችል አስረዳ። የቀሩት እንዳይከተሉ መድኃኒቱ ዛሬውኑ ይጀመራል።

«ቁመቴስ?» አለች አክስቷ።

«የሄደው አይመለስም፣ እናቴ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። ቀጮ አክስቷን ስታለቅስ አይታት አታውቅም። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ የአክስቷን የእግር ጣቶች በብርድ ልብሱ ላይ ያዘቻቸው።

ፊኛዋ ገብታ ከወጣች በሦስተኛው ቀን አክስቷ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ሕመሙ ቀሎላታል፤ ትከሻዋ ግን ወደፊት እንዳጎነበሰ ነው። ቀጮ ከቦርሳዋ የልኬት ደብተሩንና ሜትሩን አወጣች። አክስቷ ሜትሩን ብዙ አየችው። ከዚያ ግድግዳውን ለቀቀች።

ቀጮ ከትከሻዋ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ለካቻት። ደብተሩ ላይ ካለው የድሮ ልኳ ሰባት ሴንቲ ጎድሏል።

«ስንት ሆነ?»

ሦስት ሴንቲ ብትጨምርላት ማን ያውቃል? የአክስቷ ዐይኖች ይጠብቃሉ። ቀጮ ሜትሩን እንደገና ዘረጋችና ደግማ አየችው።

«መቶ ሃያ አንድ» አለቻት።

አክስቷ ደብተሩ ላይ ያለውን የድሮ ቁጥር አየችው። «ጻፊው» አለች ቀስ ብላ። ቀጮ የድሮውን ቁጥር ሰርዛ አዲሱን ጻፈች።