የዓቢዳ አምሮት

ተሾመ ልጅ ሳለ፣ ቦንጋ ውስጥ፣ እንሰት ሥር ተቀምጦ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰምቶ ነበር።

«እንጉዳዩን ከነጭ ሽንኩርት ጋር ቀቅይው። ሽንኩርቱ ከጠቆረ መርዝ ነው፤ ድፊው።»

ሌላዋ ሴት ስቃ አንድ ነገር መለሰችላት። ምን እንዳለች ግን ከዚያ ወዲህ ቢያስብ ቢያስብ አልመጣለትም። ሽንኩርቱ ብቻ ቀረ።

ያ ወሬ ትዝ ያለው ጁባ፣ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው።

የአትላባራ ሰፈር ጎረቤቱ ዓቢዳ ነፍሰ ጡር ናት። ትናንት ባሏ ገበያ ወርዶ ባመጣው እንጉዳይ ወጥ ሠርታ ምሳዋን በላች፤ የአስር ሶላት ሳይሰገድ ማስታወክ ጀመረች። አሁን ሆስፒታል ግሉኮስ ተሰክቶላት ተኝታለች። ሐኪሙ ለእሷ ተስፋ ሰጥቷል። ስለ ፅንሱ ግን «እንጠብቅ» ብቻ ነው ያለው።

ወንድሟ ሙጂብ ጠዋት ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ሄዶ እንጉዳይ ሻጯን አስያዘ። ኛዳክ ትባላለች። ጋምቤላ ስደተኛ ካምፕ ያደገች ናት፤ አማርኛዋ ከእነሱ አይተናነስም።

እዚህ ያለ ሐበሻ ሁሉ ፖሊስ ጣቢያ ጉዳይ ሲገጥመው የሚጠራው ተሾመን ነው። አረብኛውን ይችላል። ከዚያም በላይ ሰው ሲናገር አያቋርጥም።

«በቋንቋቸው ጠይቃቸውና ንገረኝ» አለው መርማሪው። «አዲስ ነገር ከሌለ ሴትዮዋን ዛሬውኑ ፍርድ ቤት እልካታለሁ።»

ተሾመ ወደ ኛዳክ ዞረ። «ምን ሸጥሽላቸው?»

«እንጉዳይ ነዋ! ጫማ ልሽጥላቸው?»

«ከየት የለቀምሽው?»

«ከኩይሳ ላይ። እናቴ ሌላ ቦታ የበቀለ አታስነካኝም ነበር።»

ሙጂብ ብድግ አለ። «እህቴን ገድለሽ ቀልድ አማረሽ?»

«አልሞተችም! አፍህን በበጎ ክፈት!»

ተሾመ በእጁ አስቀመጣቸው። የዓቢዳ ባል ረፊቅ ጥግ ላይ ኩርምት ብሏል። ሸሚዙን እንኳ ከትናንት ወዲህ አልቀየረም።

«ረፊቅ፣ ወጡ ነጭ ሽንኩርት ነበረው?»

«ነበረው። ዓቢዳ በእሱ ሳትሞክር አትበላም። ወላሂ፣ ጋሽ ተሾመ፣ ነጭ እንደሆነ ነው የወጣው።»

ተሾመ ደነገጠ። እንጉዳዩ ንጹሕ ከሆነ፣ ወጡ ውስጥ አንድ ነገር የጨመረ ሰው አለ ማለት ነው።

«አንተስ በላህ?»

«አልበላሁም።»

ሙጂብ ቀስ ብሎ ወደ አማቹ ዞረ። «ለምን?»

«ለእሷ ይብቃት ብዬ።»

ተሾመ ይህንን ለመርማሪው ተረጎመ። መርማሪው ረፊቅን ትኩር ብሎ አየው። ያን ጊዜ ኛዳክ ሳቀች።

«ጋሼ፣ ሽንኩርት ምን ያውቃል? ሽንኩርት ፖሊስ ነው? ካምፕ ስንቱ ሽንኩርቱ ነጭ ሆኖለት ተቀበረ!»

ያ ሳቅ! የቦንጋዋ ሴትዮ መልስ ከስንት ዘመን በኋላ ድንገት መጣለት። *ሽንኩርት አምነሽ ልጆችሽን እንዳትጨርሺ።* ተሾመ ዐይኑን ጨፈነ። ጌታ ሆይ፣ ጆሮዬን ክፈትልኝ አለ በልቡ።

«ሳይሠራ የቀረ እንጉዳይ አለ?»

«አለ፤ ማጀት ነው» አለ ረፊቅ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ሙጂብ በቦዳቦዳ ሞተር በርሮ ሄዶ የተረፈውን ከነሳህኑ አመጣ። ዓቢዳ የእንጉዳዮቹን እግር ቆርጣ ሳህኑ ዳር አድርጋለች፤ ጃንጥላ ጃንጥላውን ደግሞ ነጩ ሳህን መሀል ደፍታዋለች። ተሾመ አንዱን አነሳ። ሳህኑ ላይ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ብናኝ ረግፏል። ሌላውን አነሳ። ከዚህኛው የውስጥ ሽንሽን የረገፈው አረንጓዴ ነው።

ኛዳክ እጇን ሰበሰበች። «ይሄ የኔ አይደለም!»

«በምን አወቅሽ? በቀለሙ?»

«ቀለሙ ብቻውን አይበቃም። ሥሩንም የበቀለበትንም ነው የማየው። አንዱ ካጠራጠረኝ እጥለዋለሁ።» ከእግሮቹ አንዱን አነሳች። እንደ ጅራት ረጅም ነው፤ ቀይ አፈር ይዟል። «የኔ ይሄ ነው። ሥሩ ኩይሳው ሆድ ድረስ ይወርዳል።» ሌላውን ሳትነካ በጣቷ አሳየች። አጭር ነው። የሥሩ እብጠት ላይ የሣር ቅጠል ተጣብቋል። «ያ ደግሞ መስክ ላይ የበቀለ ነው። ቀላቅላችኋል።»

ተሾመ ረፊቅ አጠገብ ሄዶ ተቀመጠ።

«ወንድሜ፣ ከገበያ በየት በኩል ተመለስክ?»

ረፊቅ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ።

«በኮሎሎ ሰፈር። ኛዳክ ጋ የቀረው አንድ እፍኝ ነበር። ዓቢዳ ደግሞ ስንት ቀን ሙሉ እንጉዳይ አማረኝ እያለች… ነፍሰ ጡር ሚስቴ ጋ እፍኝ ይዤ እንዴት ልግባ? አንድ ድርጅት ግቢ ዕቃ ላደርስ ስገባ ሣሩ ላይ ተዘርግቶ አየሁት። ያው ነው ብዬ ለቀምኩ። ለእኔ ሳላስቀር ሁሉንም ለእሷ።»

«ይቺ ልጅ ስትያዝስ ለምን ዝም አልክ?»

«ሙጂብ ፊት፣ በገዛ እጄ አበላኋት ማለት አቃተኝ።»

ሙጂብ እጁን አነሳ። ተሾመ ሊመታው መስሎት ሊይዘው ተነሳ። ሙጂብ ግን የአማቹን ትከሻ አቀፈ። «አንተ ከብት» አለው።

የረፊቅ ስልክ ጠራ። ዓቢዳ ናት። ረፊቅ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«የልጁን ልብ አሰሙኝ፤ ይመታል! አልሐምዱሊላህ!»

ረፊቅ ሁሉንም ነገራት።

«አንተ ጅል» አለች ዓቢዳ። «እፍኙ ይበቃኝ ነበር እኮ።»

መርማሪው ተተርጉሞለት ራሱን ነቀነቀ። «ኻላስ፣ በቃ፣ ነፃ ናት።»

ኛዳክ ግን አልተነሳችም። «ነፃ መሆኔ ምን ያደርግልኛል? ገበያው ሁሉ መርዝ ሻጭ ብሎኛል።»

«እክስሻለሁ» አለ ረፊቅ።

«ካሳህን ተወው። ነገ እኔ ጋ መጥተህ ትቀመጣለህ። ከኩይሳዬ የነቀልኩትን ሰዉ ሁሉ እያየ ቀቅዬ አበላሃለሁ።»

የረፊቅ ፊት አመድ መሰለ። «ሁለተኛ እንጉዳይ በአፌ አይዞርም ብያለሁ። ሌላ ነገር ጠይቂኝ።»

«ሌላ የለም።»

ረፊቅ ተሾመን አየው፤ ተሾመ በአገጩ ወደ ኛዳክ ጠቆመው። ሙጂብን አየው፤ ሙጂብ ፈገግ ብሎ ጣሪያውን ያያል።

«ብላ!» አለች ዓቢዳ በስልኩ።

«ሥሩንና የሚረግፈውን ብናኝ ቀድመሽ ታሳዪኛለሽ?»

«አሳይሃለሁ። የማታውቀውን ደግሞ ዳግመኛ አትለቅምም።»

«አልለቅምም» አለ ረፊቅ። «እሺ፣ ነገ መጥቼ እበላለሁ።»