የሌንሱ ክዳን

ኖላዊ ሳሪስ አቦ አጠገብ ካለ ጅምር ሕንፃ ሥር ሞቶ ሲገኝ፣ ሰፈሩ ምርመራውን ከፖሊስ ቀድሞ ጨረሰ። «ባቡሮቹ አለቁ ብሎ ተክዞ ራሱን ጣለ» አለ። አይ የሰው አፍ! ልጁ ቀላል ባቡሮቹን ፎቶ ሲያነሳ ዓመታት አልፈውታል፤ አንዱ ከሥራ በወጣ ቁጥር ዘመድ እንደሞተበት ያዝናል። ታዲያ ለባቡር ብሎ ከአራተኛ ፎቅ የሚወረወር ማን ነው?

ታላቅ እህቱን ውዳሴን ከሞቱ ይልቅ ወሬው አንገበገባት። ራሱን ላጠፋ ሰው ፍትሐት የለም። አስከሬኑ ከምርመራ ተመልሶ ሀና ማርያም በተተከለው ድንኳን ይጠብቃል፤ የንስሐ አባታቸው አባ ራጉኤል ግን አንገታቸውን ደፍተው «ልጄ፣ ፖሊስ ይወስን» ብለዋታል።

ኢንስፔክተር ዙሌካ ፖሊስ ወዳሸገው አራተኛ ፎቅ ዳግም ወጣች። የኖላዊ ካሜራ እንደተገኘ ሲሚንቶው ላይ በወጉ ተቀምጧል፤ ሌንሱ ተከድኗል። ሚሞሪው ግን የለም። የሕንፃውን ጥበቃ ጋሽ ተካን አስጠራች።

«ከሟቹ ሌላ ማን ወጣ?»

«በእኔ በር ማንም! የጓሮው ደረጃ ይዘጋ ብዬ ስንቴ ጮህኩ! ማን ሰምቶኝ? አሁን እኔኑ ልትጠረጥሩ ነው?»

«ካሜራውን ነክተዋል?»

«ሰው ሞቶ ካሜራ የምነካ ምን ነክቶኝ!»

ድንኳኑ ጋ ስትደርስ የኖላዊ ጓደኛ ሚሳኤል ለቀስተኛውን ፎቶ ያነሳል። እሱም ባቡር አንሺ ነው።

«የሞተ ዕለት ጠዋት የት ነበርክ?»

«መካኒሳ፣ ቤቴ። ጓደኛው እኮ ነኝ!» አለ፤ ይህን ሲል ክዳን የሌለውን ሌንሱን በመዳፉ ሸፈነ። ዙሌካ አየችው።

ካሜራውን ለውዳሴ አሳየቻት።

«የሱ ነው። ክዳኑ ግን የሱ አይደለም! የሱ ከጠፋ ቆይቷል። ከአሮጌ ነጠላ የሰፋሁለትን ከረጢት ነበር የሚያለብሰው፤ ከኪሱ አውጥታችሁ የሰጣችሁኝ።»

«ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«ከሚሳኤል! ፎቶዎቹን በራሱ ስም ኤግዚቢሽን ላይ ሰቅሎበት!»

ዙሌካ ጋሽ ተካንም አስመጥታ ሁሉም ፊት ቆመች።

«ኖላዊ ራሱን ጥሎ ቢሆን ሚሞሪው ወይ ካሜራው ውስጥ ወይ ኪሱ ውስጥ በተገኘ። ስለዚህ ሌላ ሰው ነበር። ሌባ ቢሆን ደግሞ ካሜራውን አይተውም። ይሄ ሰው የፈለገው ፎቶዎቹን ብቻ ነው። ሚሞሪውን አወጣና ካሜራውን ሲያስቀምጥ፣ ያ ሁሉ አቧራ ሌንሱን እንዳይነካው በራሱ ክዳን ከደነው። ፎቶ አንሺ ካልሆነ ይሄን ማን ያስባል? እጅ ልማዱን አይረሳም። ሚሳኤል፣ ክዳንህ የታለ?»

«ጠ... ጠፋብኝ።»

ክዳኑን ከኖላዊ ካሜራ አንስታ የሚሳኤል ሌንስ ላይ ገጠመችው፤ ልክክ አለ።

«ኪስህን አራግፍ።»

ሚሞሪው ወጣ። የኖላዊ ካሜራ ውስጥ ስትከተው እሱ የሞተ ዕለት ጠዋት ያለፈ ባቡር፣ ከአራተኛው ፎቅ የተነሳ፣ ስክሪኑ ላይ መጣ።

«አጋልጥሃለሁ አለኝ!» ሚሳኤል ጮኸ። «ገፋሁት እንጂ ልገድለው አልነበረም!»

ውዳሴ ዘላ አንገቱን አነቀችው፤ ከዙሌካ ጋር የመጡት ፖሊሶች በግድ አላቀቋት።

«ለሌንሱ አዘንክለት!» አለች። «አቧራ እንዳይነካው ከደንክለት! ወንድሜን ግን አፈር ላይ ጥለኸው ሄድክ! አንድ ጨርቅ እንኳ አላለበስከውም!»

ያ ሁሉ ወሬኛ መሬት መሬቱን ያያል።

አባ ራጉኤል መስቀላቸውን ይዘው ተነሱ። «ይቅር በይኝ ልጄ» አሉና ወደ ዲያቆኑ ዞሩ። «ተነስ፣ ፍትሐት አለብን።»