ቀይ በቀይ አይታይም

የክብሪቱ ቀፎ ከእጅ ወደ እጅ ያለፈው ጎንደር፣ አራዳ ገበያ ላይ፣ ሁለት ሰዎች ሲጋራ የሚለኳኮሱ መስለው ነው።

«ውስጡ ዕቃው የት እንዳለ በሩቅ የሚያሳይ መጠቆሚያ አለ» አለ ጉና። «ከተሰረቀው ብራና ሽፋን ቆዳ ሥር ስፋው። ሳሊም ለዐሱር ሶላት ሲወጣ ግባ።»

«መብራትስ?»

«ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ ግዛ። ነጩ ብርሃን በበሩ ስንጥቅ ይወጣል። ቀዩን ብቻ አብራ።»

ጉና የአለቃው የምስጢር ስም ነው። ቀፎውን የተቀበለው ሰላይ ስም ደግሞ ለጊዜው ፊልጶስ። ሰዓት ሠሪ መስሎ ከሳሊም የቅመም መደብር ጎን ከተቀመጠ ዓመት አልፎታል። የብራና ሌቦች የነጋዴ ዕቃ ነው ብለው ሳሊም ዘንድ ሳጥን በአደራ አስቀምጠዋል፤ ሳሊም ውስጡን አያውቅም። ለሶላት ሲወጣ በሩን ገጠም አድርጎ መጥረጊያ ያጋድምበትና «ፊልጶስ፣ ዐይንህን ጣል» ብሎ ይሄዳል። መቆለፍ ጎረቤትን መስደብ ይመስለዋል። ፊልጶስ ይህን ሰው ወዶታል። ችግሩም ይኸው ነበር።

ባትሪ የምትሸጠው የሳሊም እናት ሰኪና ናት።

«ለምን ሥራ ነው ልጄ?»

«ለሰዓት። ሁለት እጄ ነጻ እንዲሆን።»

«እንግዲያ ብርሃኑን ሩቅ የሚወረውረውን ተወው፤ እሱ ለመንገድ ነው። ለቅርብ ሥራ ሸጋው ብርሃኑ ሰፋ፣ ለዘብ ያለው ነው። አንገቱም ወደ ታች ይታጠፍ።»

ቀዩን ሲጠይቃት ነጭ ጨርቅ ላይ ቀይ ክር ጣል አድርጋ በቀዩ አበራችበት። ክሩ ጠፋ።

«አየህ? ቀይ በቀይ አይታይም። ነጭም ቀይም ያለውን ውሰድ።»

ማሰሪያው ለጭንቅላቱ ሰፊ መሆኑን ስላየች በዚያው ክር ሰፍታ አጠበበችለት። «ምነው፣ ፊትህ ጠቆረ?» አለችው። ደኅና ነኝ አላት።

ሳሊም መጥረጊያውን አጋድሞ ሄደ።

ፊልጶስ ተሻግሮት ገባ።

የበርበሬው ብናኝ ጉሮሮውን ያዘው። ቀዩን አብርቶ ሳጥኑን ከፈተ፤ ብራናውን ገለጠ። በየመስመሩ ክፍት ቦታ አለ። የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ስለሚጻፍ በቀይ ብርሃን አለመታየቱ አልገረመውም። መርፌውን ከቆዳው ሥር ሰደደ። ከዚያ ሰኪና ትዝ አለችውና እጁ ቆመ።

ነጩን አበራ።

ባዶው ባዶ ነው።

ስሞቹ ጭራሹን አልተጻፉም። ቸኩለው የገለበጡት፣ ቀዩን ለመሙላት እንኳ ያልታገሡለት ሐሰተኛ መጽሐፍ ነበር። ሐሰተኛነቱ እንዳይታወቅ «ቀዩን ብቻ» ያለው ጉና ነው። ፖሊሶቹን መጠቆሚያውን እንዲከተሉ ወደ ደቡብ በእንፍራንዝ መንገድ ያሰለፈው፣ በሰሜን በኩል የአዲ አርቃይን ኬላ ያስለቀቀውም ጉና ነው። እውነተኛው መጽሐፍ በዚያ በኩል እየወጣ ነው።

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ።

«ፊልጶስ? ብርሃን አይቼ ነው» አለ ሳሊም። «እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«አይጥ ሰምቼ።»

ሳሊም የተከፈተውን ሳጥን አየ። በፊልጶስ ግንባር ላይ የሚበራውን የእናቱን ባትሪ አየ።

«እሺ» አለ። «አንተ ካልክ።»

ቢጠረጥረው ይሻለው ነበር።

ፊልጶስ እንደወጣ ከጉና በላይ ላለው ሰው ደወለ። «አዲ አርቃይ። ኬላውን ዝጉ። ጉና ከድቷል።»

ሳይመሽ መኪናው ተያዘ። መጽሐፉ ከድንች ጆንያ ሥር፣ ጉና ከሾፌሩ ጎን ተገኙ።

ሳሊምም ተያዘ። ሳጥኑ የተገኘው በእሱ መደብር ነዋ።

«ንጹሕ ሰው ነው» አለ ፊልጶስ፣ ለዚያው የበላይ ሰው በስልክ።

«ማን ይመስክርለት?»

«እኔ።»

«አንተ ማነህ? ፊልጶስ የሚባል ሰው የለም። ነገ ጎንደርን ትለቃለህ።»

በማግስቱ ጠዋት ሰኪና ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትለብስ ሰዓት ቤቱ መጣች።

«ልጄ፣ ደጁን የምትጠብቅለት አንተ ነበርክ። ክፉ እንደማያውቅ ታውቃለህ። ሄደህ ቃልህን ስጥለት።»

«እመጣለሁ» አላት።

አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። የሄደው ወደ መናኸሪያ ነው። ሲያልፍ መጥረጊያው የሳሊም በር ላይ እንደተጋደመ ነበር። አፈረ፤ አልቆመም ግን።

አሁን በሌላ ከተማ፣ በሌላ ስም ሰዓት ይሠራል። ሳሊም እንደተፈረደበት ሰምቷል። ባትሪውን አልጣለውም፤ ግንባሩ ላይ አስሮ ይሠራበታል። ስፌቱ ከኋላ ስለሚውል አያየውም፤ ማጅራቱን ግን ቀኑን ሙሉ ይቆረቁረዋል። ሲያሸው ያዩ ደንበኞች ሌላ ግዛ ይሉታል።

«ተዉት» ይላል። «በልኬ የተሰፋ ነው።»