ቁርበቱን ማን አነጠፈው?

አስቀድሜ ልንገርህ፣ እኔ ጋኔን፣ ቆሌ ሲባል የምስቅ ሰው ነኝ፣ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያወራኝ «ስንት መለኪያ ጠጥተህ ነበር?» ብዬ አብሽቄው ነው የምሸኘው፣ ስለዚህ ይህን የምነግርህ እያፈርኩ ነው።

ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ዩኒቨርሲቲው ሙዚየም ባደረገው አንድ የጥንት ቤት አስጎብኚ ነኝ። የቤተሰቡ የመጨረሻ ልጅ፣ አንዲት አሮጊት ወይዘሮ፣ ቤቱን ከነዕቃው ሰጥተው አረፉ፣ መደቡም፣ ሌማቱም፣ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የበሬ ቁርበትም ቁጥር ተለጥፎባቸው አሉ። ክረምት ከገባ ጎብኚ የለም፣ ዝናቡና እኔ ብቻ ነን። ቤቴ ብሄድም ያው ነው፣ ሚስቴ ከሞተች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗታል፣ ልጅ አልወለድንም።

ያን ዕለት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ልቆልፍ ስል፣ ጉሙ ከጉና ተራራ ወርዶ ግቢውን ሸፍኖታል፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እንደ እንግዳ ደፉ ላይ ቆሜ «ቤቶች!» አልኩ። ብቸኝነት ያጃጅላል፣ እመነኝ።

መጀመሪያ ኮሽ አለ፣ አይጥ ነው አልኩ። ከዚያ ቷ! ቷ! የሚል ድምፅ መጣ፣ እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ቁርበት አራግፈው መደብ ላይ ያነጥፉለታል፣ ድምፁ አይጠፋኝም። ቀጥሎ ከውስጥ የአንዲት አሮጊት ድምፅ ቀስ ብሎ፣

«ግባ እንጂ ልጄ፣ ምን ደጅ ያቆምሃል?»

በሩን እንዴት እንደሳብኩት አላውቅም፣ ዘግቼ ሁለት ጊዜ ቆለፍኩት።

ዘበኛው አያ ሞላ ከግቢው በር ላይ ያዩኛል።

«ከማን ጋር ነው የምታወራ አንተ?»

«ከማንም አያ ሞላ፣ እንዲያው ስቀልድ ነው የተጣራሁት።»

«አንተንማ ሰማሁህ፣ የመለሰችልህ ማናት?»

ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ፣ እሳቸውም አማተቡ።

ጠዋት አብረን ከፈትነው። ቁርበቱ መደቡ ላይ ተነጥፏል፣ ጠጉሩ ወደ ላይ ሆኖ። ቁልፉ ደግሞ ከኪሴ አልወጣም። አያ ሞላ «ጠበል ይረጭበት» አሉ፣ እኔ ቁርበቱን መልሼ ሰቀልኩት።

ፍርሃቱ በሳምንቱ ለቀቀኝ። ያልለቀቀኝ ሌላ ነው፣ ከሐዘኔ ወዲህ በዚህች ከተማ «ግባ» ያለኝ ሰው አልነበረም፣ ያለችኝ አንዲቷን ደግሞ ቆለፍኩባት። ከዚያ በኋላ ሦስት ጊዜ ደፉ ላይ ቆሜ ተጣርቻለሁ፣ መልስ የለም። ባዶ ቤት ዝም ሲል አውቀዋለሁ፣ ማታ ማታ ቤቴ የምሰማው እሱን ነው፤ ይሄኛው ግን የተቀየመ ሰው ዝምታ ነው።