ዝም ያለው የኮርማን ሰይፍ

በጎንዛር መንግሥት ጀግና ሲሞት ሰይፉ፣ ንጉሡ ከሸለመው የጀግና ካባ ጋር በሐዘን ድንኳኑ ምሰሶ ላይ ይሰቀላል። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ፣ ያለችው እውነት ከሆነ ሰይፉ በራሱ ይጮኻል፤ ነፍስም ወደ ላይኛው አገር መንገዷን ትጀምራለች። ዘንዶ ገዳዩ ኮርማን በሞተ ጊዜ አልቃሿ ዝማም ድምጿ እስኪዘጋ አሞገሰችው፤ ሰይፉ ግን ጭጭ አለ። በማግስቱ ኮርማን ከመቃብሩ ተመልሶ ደጃፉ ካለው መደብ ላይ ቁጭ አለ፤ የለቅሶው ንፍሮ ጨው አንሶታል ብሎም ቤተሰቡን አሳፈረ።

ልጁ ሊባና አባቷን ትወደው ነበርና፣ ሞቶም ቢሆን መምጣቱን አልጠላችውም። ክፋቱ ሕያው ሰው ሙት አጠገብ ሲሰነብት እየሳሳ ማለቁ ነው። እናቷ ወርቂት ከባሏ ጎን አልነሳም አለች። አንድ ረፋድ ላይ ሊባና የግቢውን አጥር በእናቷ ትከሻ ውስጥ አሻግራ አየችው። ደንግጣ አባቷን መላ ብትጠይቀው ስለ ንፍሮው ማውራት ቀጠለ።

ሽማግሌዎቹ ሰይፉ ዝም ያለው ማስረጃ ቢያጣ ነው አሉ። ሊባናም የተገደለውን ዘንዶ፣ የጉርምብን ቀንድ ለማምጣት ተነሳች።

«የአባቴን ሰይፍ ሳላስጮህ ብቀር ይህች ምድር አትሸከመኝ» ብላ ማለች።

ዝማምም የሙያ ስሟ ጠፍቶ ነበርና በበቅሎ ተከተለቻት። ድንገት ብትሞት ብላ መንገዱን ሁሉ የሊባናን ሙሾ ስትለማመድ ከረመች፤ ሊባና ቁመቷ ሲጋነን እየሰማች አላረመቻትም። ሸለቆው ውስጥ የጥላ ጅቦች ከበቧቸው። ዝማም ሙሾ ብታወርድላቸው ሆዳቸው ባብቶ እያለቀሱ ተበተኑ።

ጉርምብ ከዋሻው ደጅ ፀሐይ ይሞቃል፤ ሁለቱም ቀንዶቹ በቦታቸው ናቸው። ሊባና ጦሯን ሰበቀች።

«የኮርማን ልጅ ነሽ፤ በአፍንጫሽ ለየሁሽ» አላት ዘንዶው። «አባትሽ ምነው ዘንድሮ ቀረብኝ?»

ሊባና ታላቅ ወንድሟን ዮርጋን ይህ ዘንዶ በላው ሲባል ሰምታ ነው ያደገችው። ጉርምብ ግን ሥር ቆፍሮ የሚበላ፣ ሥጋ የማይቀምስ ፍጡር ነበር። እሱ እንደ ነገራት፣ ሕፃኑን የወሰደው ወንዝ ነው፤ አባቱ ሊጠብቀው ተቀምጦ እንቅልፍ ጥሎት ሳለ። ኮርማን እውነቱን ለሚስቱ መንገር አቅቶት በዘንዶ አሳበበ፤ አገሩም ተበቀል ብሎ ላከው። ዋሻው ሲደርስ ጦሩን ጥሎ አለቀሰ፤ ገደልኩት ብሎም ተመለሰ። ከዚያ ወዲህም በየዓመቱ ሌላ ዘንዶ ልገድል እያለ የሚመጣው እዚሁ ለማልቀስ ነበር።

«ቀንዱን ከፈለግሽ ንቀዪው» አለ ጉርምብ። «ድሮም ያሳክከኛል።»

ሊባና እጇን ሰደደች፤ ከዚያ መለሰችው። እውነቱ ከተነገረ የቤታቸው ክብር ይገፈፋል፤ አባቷም ይሄዳል። ውሸቱ ከጸና ደግሞ እናቷ ታልቃለች። ባዶ እጇን ተመለሰች።

ዝማም በድንኳኑ ልታሞግስ አፏን ስትከፍት ሊባና ቀደመቻት።

«አባቴ ዘንዶ አልገደለም። ልጁን ሲጠብቅ እንቅልፍ ጣለው፤ ዮርጋን ወንዝ ወሰደው። ከዚያ በኋላ እኔን ወንዝ ዳር ለብቻዬ ትቶኝ አያውቅም።»

ሰይፉ ድንኳኑን እያንቀጠቀጠ ጮኸ። የንጉሡ መልእክተኛ የጀግና ካባውን ከምሰሶው አውርዶ፣ ጠቅልሎ ይዞ ሄደ። ኮርማን መደቡ ላይ አቀርቅሮ ቀረ። ወርቂት አገጩን ይዛ ቀና አደረገችው።

«ልጄ እዚያ ብቻውን ነው» አለችው። «ሂድለት። ደግሞ እንዳትተኛ።»

ኮርማን ተነሳ፤ መደቡም ባዶ ሆነ። ሊባና እንባዋን እየጠረገች ወደ አጥሩ ዞረች። የእናቷ ትከሻ አጥሩን ከለለባት።